ልጄ መንገድ ሲስት አፌን ዘጋሁ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ላይ አንዲት እናት የጻፉትን ደብዳቤ አነበብኩት። የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ከስካውት (ልጆች ካምፕና የእግር ጉዞ ከሚማሩበት ማኅበር) ጓደኞቹ ጋር ኒው ሜክሲኮ ሄጄ ተራራ ለተራራ እዞራለሁ ብሎ ቤቱን በጥብጦታል። እሳቸው ደግሞ «ድብ ያለበት ጫካ ልጄን አልሰድም፤ አሜሪካ ያመጣሁት እንዲማርልኝ እንጂ ሸክም እንዲሸከም አይደለም» ብለው ቁርጡን ነግረውታል። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ትንሽ አፈርኩ። እኔ በ2017 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለልጄ የተናገርኩት ከዚህ በምንም አይለይማ።

እኔ የመንዝ ሰው ነኝ። ያደግኩት ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ትምህርት ቤት ደርሶ መልስ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ቅዳሜ ገብስ በአህያ ጭኖ ገበያ መሄድ አለ። ክረምት ሲመጣ ገሳ ለብሶ ከብት መጠበቅ አለ። ማታ ባና ተከናንቤ ስተኛ የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ በእግር መሄድ የማያስፈልግበት አገር። ምኞቴ ሰምሮ ሰሜን ቨርጂኒያ ገባሁ፣ ታክሲ ነዳሁ፣ ኋላም የራሴን ትንሽ ሥራ ከፈትኩ፤ አሁን መኪናዬን ደጃፌ ላይ ነው የማቆመው። እና ልጄ መጥቶ «አባዬ፣ አሥራ ሁለት ቀን፣ ሰባ ማይል፣ ቦርሳ ተሸክመን፣ መሬት ላይ እየተኛን» ሲለኝ፣ ያውም ተከፍሎበት፣ ምን ልበለው? «ያንን እኔ በነፃ ጨርሼልሃለሁ» አልኩት። (ስንት እንደተከፈለ እዚህ አልጽፍም። ባለቤቴ ይህን ጋዜጣ ታነባለች።)

የረታኝ ልጁ ሳይሆን እናቱ ናት። ስካውቱን የጀመረው በአሥራ አንድ ዓመቱ ነበርና አራት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ስታመላልሰው የኖረችው እሷ ነበረች። «የምትፈራለት ከሆነ አብረኸው ሂድ» አለችኝ። ለካ ቡድኑም አንድ አዋቂ ጎድሎት ኖሯል። ቢያንስ ሁለት አዋቂ የሌለበት ቡድን ተራራው ላይ አይለቀቅም። እንደዚያ ሆኖ ነው በሃምሳ ዓመቴ፣ ከነቦርጬ፣ ቦርሳ ተሸካሚ የሆንኩት።

እዚህ ላይ እኒያ እናት ያልጻፉትን፣ ግን ልባቸው ውስጥ አለ ብዬ የምጠረጥረውን ላንሳ። ድቡ ምክንያት ነው። እኛ ወላጆች የምንፈራው ሰውን ነው። ፍርሃቱ ደግሞ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። የአሜሪካ ቦይ ስካውት ድርጅት ባለፉት አሥርት ዓመታት በልጆች ላይ በተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት የተነሳ ክስ በዝቶበት በ2020 ከስሬያለሁ ብሎ ፍርድ ቤት ገብቷል። ካሳ የጠየቁት ከ80 ሺህ ሰው በላይ ናቸው። በ2025 ስሙን ስካውቲንግ አሜሪካ ብሎታል፤ ስም ሲቀየር የሆነው አልሆነም አይባልም። ስለዚህ ወላጅ መጠየቅ አለበት፣ እንዲያውም አጥብቆ መጠየቅ አለበት። እኔ ከመሄዴ በፊት ስለ ልጆች ጥበቃ ሥልጠና ወስጃለሁ። አዋቂ ከሌላ ሰው ልጅ ጋር ብቻውን አይቆምም፣ በአንድ ድንኳንም አያድርም፤ ሁልጊዜ ሁለተኛ አዋቂ አለ። ይህን የማያከብር ቡድን ካጋጠመዎት፣ እኅቴ፣ ልጅዎን ይዘው ይውጡ። እኔ አብሬው የሄድኩበት ግማሹ ምክንያት ይኸው ነው፣ ለልጁ ባልነግረውም።

አሁን ወደ ተራራው።

ቦታው ፊልሞንት ይባላል። በኒው ሜክሲኮ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል፣ ሲማሮን ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። ዌይት ፊሊፕስ የሚባል የኦክላሆማ የነዳጅ ከበርቴ በ1938 እና በ1941 ከርስቱ እየቆረሰ ለስካውቶች የሰጠው መሬት ነው። ዛሬ 140 ሺህ ኤከር ገደማ ይሆናል፤ መላው አዲስ አበባ ገብቶበት ቦታ ይተርፋል። የዋናው ካምፕ ከፍታ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ነው። በየክረምቱ ከመላው አሜሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ይመጣሉ፤ የሚገቡት ግን ሰባት፣ ስምንት፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ሰው እየሆኑ ነው። የኛ ቡድን ስምንት ልጅና ሁለት አባት ነበር። ሌላኛው አባት ነጭ አሜሪካዊ ነው፣ ጸጥ ያለ ሰው፣ ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ መጥቷል። እግዜር ይስጠው፣ እሱ ባይኖር እኔ ጉዞውን አበላሸው ነበር። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ልክ እንደደረስን ሬንጀር መደቡልን። ሬንጀር ሲባል ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ጠብቄ ነበር፤ የመጣው የሃያ ዓመት የኮሌጅ ልጅ ነው። ሁለት ሦስት ቀን አብሮን ይሄድና ትቶን ይመለሳል። የመጀመሪያ ሥራው ሁላችንንም ቦርሳ ማስገልበጥ ነበር። ያለንን ሁሉ መሬት ላይ ዘረገፍን፤ እሱ እየዞረ «ይሄ ይቀራል፣ ይሄ ይቀራል» ይላል። ቦርሳ ከሰውነት ክብደት ሩብ፣ ግፋ ቢል ሲሶ መብለጥ የለበትም። የኔ ተራ ሲደርስ ከሹራቦቼ መሀል ሁለት ትልልቅ ፌስታል ወጣ። ባለቤቴ ናት። አንዱ በሶ፣ ሁለተኛው ድርቆሽ፤ ድርቆሹ ውስጥ ደግሞ በወረቀት የተጠቀለለ በርበሬ። ሬንጀሩ በርበሬውን ከፍቶ አሸተተና አምስት ጊዜ አነጠሰ። ልጄ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ችግሩ ክብደቱ ብቻ አልነበረም። እዚያ ድብ አለ፣ እውነቴን ነው። ስለዚህ የሚሸት ነገር ሁሉ፣ ምግብ ብቻ ሳይሆን የጥርስ ሳሙና፣ የፀሐይ ቅባት፣ ከረሜላ፣ ማታ ማታ በከረጢት ተሰብስቦ ሁለት ዛፍ መሀል በተወጠረ ሽቦ ላይ በገመድ ይሰቀላል። ድንኳን ውስጥ ማስቲካ እንኳን አይገባም። ድስት የሚጣድበትም፣ እቃ የሚታጠብበትም ከመኝታ ርቆ ነው። እና የኛ በርበሬ፣ ሬንጀሩ እንዳለው፣ ከኮሎራዶ ድረስ ድብ ይጠራል። ለምኜ አስፈቀድኩ፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ሲለኝ በሶውን ትቼ ድርቆሹን ከነበርበሬው ያዝኩ። በሰባተኛው ቀን ልጆቹ በላስቲክ ከታሸገ ብስኩትና ከቱቦ ከሚጨመቅ አይብ ሌላ ነገር ሲናፍቃቸው፣ ያቺን ድርቆሽ በፈላ ውሃ አርሼ በርበሬ ነስንሼ ሰጠኋቸው። ስምንት የተራበ ጎረምሳ ምን እንደሚያደርግ የምታውቁት ነው። ድስቱን እንኳን ማጠብ አላስፈለገም። ድብ ግን መጥቶ አያውቅም፤ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ያስቸገረችን ጀርባዋ መስመር መስመር ያለባት ትንሽ የዛፍ አይጥ ብቻ ነች። የአንዱን ልጅ ቦርሳ በስታ ኦቾሎኒውን ጠራርጋ በላችበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የዚህ ጉዞ ሕግ እንዲህ ነው፦ የሚመሩት ልጆቹ ናቸው። የቡድኑ መሪ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። መቼ እንደምንነሳ፣ የት እንደምናርፍ፣ ማን እንደሚያበስል እሱ ይናገራል። ልጄ ደግሞ ካርታና ኮምፓስ ያዥ ተደረገ፤ በየትኛው መንገድ እንደምንሄድ የሚናገረው እሱ ነው። አዋቂዎቹ ከኋላ ነን። ሬንጀሩ ለሁለታችን ለብቻችን ሲነግረን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ አደጋ ካልመጣ በስተቀር አትናገሩ፣ ሲሳሳቱም አትናገሩ። «ሲሳሳቱም?» አልኩት። «ሲሳሳቱ በተለይ» አለኝ።

እንግዲህ እኔ ያደግኩት ልጅ በሽማግሌ ፊት በማይናገርበት ቤት ነው። አሁን ሽማግሌው በልጅ ፊት አትናገር ተባለ። ይሁን ብዬ ተቀበልኩ፤ ሁለት ቀን ምንም አልከበደኝም። ሬንጀሩ አብሮን ነበራ።

በሦስተኛው ቀን ሬንጀሩ ተሰናበተን። በማግስቱ ጠዋት ተነስተን ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ልጄ ካርታውን አየ፣ ኮምፓሱን አየ፣ ከመሪው ጋር ትንሽ ተነጋገሩና «በቀኝ» አለ። እኔ ቀና ብዬ ሳይ ፀሐይ ፊቴ ላይ ናት። ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ መሄድ ያለብን ወደ ምዕራብ ነው። ይህን ለማወቅ ካርታ አያስፈልግም፣ እረኛ መሆን ብቻ በቂ ነው። አፌን ልከፍት ስል ያ ሌላው አባት ክንዴን ያዝ አደረገኝና ራሱን ነቀነቀ። እሱም አውቋል ማለት ነው።

ዝም አልኩ። እስከዛሬ ካደረግኳቸው ነገሮች ከባዱ የቱ ነበር ብትሉኝ በረሃ ማቋረጤን አልነግራችሁም። ያንን ዝምታ ነው የምነግራችሁ። ልጄ ከፊት እየመራ፣ ሰባት ልጅ እሱን አምኖ ተከትሎት፣ አሥራ ስምንት ኪሎ እየተሸከሙ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ እኔ ደግሞ የምንወርዳትን እያንዳንዷን እርምጃ መልሰን እንደምንወጣት እያወቅኩ ከኋላ እከተላለሁ። አንድ ሰዓት ሄድን። አንድ ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ ከፍ አለች፣ ውሃችን ጎደለ። አንዱ ልጅ ጫማው ተረከዙን ልጦት ያነክሳል። ሦስት ጊዜ ሳልኩ፣ ልጄ ዞር ብሎ እንዲያየኝ። አላየኝም። ሌላው አባት ሳሌን ሰምቶ ሳቀ።

በመጨረሻ አንድ ጅረት አጠገብ ደረስንና ልጄ ቆመ። ውሃውን ያያል፣ ካርታውን ያያል፣ እንደገና ውሃውን ያያል። ኋላ እንደነገረኝ በካርታው ላይ ጅረቱ በግራችን ሆኖ ወደኛ መፍሰስ ነበረበት፤ እዚያ ግን በቀኛችን ሆኖ ከኛ ጋር ይወርዳል። ቦርሳውን አውርዶ ተቀመጠ። ፊቱ ቀይ ዳማ ነበር፣ አመድ መሰለ። የአባት አንጀት እንዴት እንደሚሆን ልጅ ያለው ያውቀዋል፤ ልሮጥና «አይዞህ፣ ና እኔ አሳይሃለሁ» ልለው እግሬ ተነስቶ ነበር። ከዚያ ብድግ አለና ድምፁ እየተንቀጠቀጠ «ተሳስቻለሁ። ጠዋት መገንጠያው ላይ ነው። መመለስ አለብን» አለ። በእንግሊዝኛ ነው ያለው፣ እኔ በአማርኛ ነው የሰማሁት።

ጉድ ፈላ። አንዱ ቦርሳውን ወርውሮ ተሳደበ። ሌላው እኔን እያየ «አንተ ታውቅ ነበር?» አለኝ፤ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። መሪው ልጅ አስቀመጣቸው፣ የቀረውን ውሃ አካፈላቸው፣ የልጁን ተረከዝ በፕላስተር አሸጉት፣ ከዚያ ተነስተን ወደመጣንበት። ካምፑ የደረስነው ሊመሽ ሲል፣ ዝናብ እየዘነበ ነው። የምግቡን ከረጢት በጨለማ ለመስቀል አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። ያን ማታ ልጄ ራት አልበላም። መሪው አጠገቡ ሄዶ ቁጭ አለ፣ ምን እንዳለው አልሰማሁም፣ ብቻ ነገ ሌላ ካርታ ያዥ ይደረጋል ብዬ ስጠብቅ በማግስቱም ካርታው እሱ እጅ ነበር። ከዚያ ወዲያ በየመገንጠያው ላይ ይቆማል፣ ዙሪያውን ያያል፣ «ፀሐይ የት ናት?» ብሎ ጮክ ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛ አልተሳሳተም አልልም። ተሳስቷል፣ ግን በአሥር ደቂቃ ነው የነቃው።

እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህ ልጅ ቤት ውስጥ ሰሃን ሰብሮ እንኳን «እኔ ነኝ» ብሎ አያውቅም። እንዴት ይበል? እኔ የሂሳብ ፈተናውን አስቀድሜ ሠርቼ የማሳይ፣ ከመምህሩ ጋር ሄጄ የምከራከር፣ ገና ሳይወድቅ የማነሳው አባት ነኝ።

ከዚያ በኋላ ፖኒል ከሚባለው ካምፕ ሁለት አህያ ተረከብን። አዎ፣ አህያ። ድሮ በዚያ አገር ወርቅ ቆፋሪዎች እቃቸውን በአህያ ይጭኑ ስለነበር ልጆቹ እንዲለምዱት ከፊል መንገዱን አህያ ይነዳሉ። አሰልጣኟ ጭነቱ ከላይ በገመድ የአልማዝ ቅርጽ እየተሠራበት እንዴት እንደሚታሰር አሳየቻቸው። ልጆቹ በጥንቃቄ አሰሩ። አንደኛው አህያ ግን ሲጠፈር ሆዱን ነፍቶ ነበር። ይህን የማያውቅ የመንዝ ልጅ የለም፤ ትንሽ ቆይቶ ሲተነፍስ ጠፍሩ ይላላል፣ ጭነቱ ከሆዱ ስር ይዞራል። እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። በልቤ «ፈጣሪዬ፣ ይሄንንም ዝም ልበል?» እላለሁ። ግማሽ ማይል ሳንሄድ ጭነቱ ዞረ። ድስቱ፣ ድንኳኑ፣ ሁሉም መሬት።

እንደገና ጫኑ። ከዚያ አንዲት ቦይ የምታክል ወንዝ ጋ ስንደርስ አህያው አልሻገርም አለ። ስምንቱም ከፊት ሆነው ይስባሉ፣ አህያው ወደኋላ ይስባል። አንዱ ካሮት ያሳየዋል፣ አንዱ ይለምነዋል። አህያው በዚህ መሀል ልጄ መሬት ያስቀመጠውን ቦርሳ ትከሻ ማንገቻ ያላምጣል። ያኔ ነው ልጄ ላብ በላብ ሆኖ ዞር ያለው። «አባዬ፣ አንተ አህያ ታውቃለህ፣ አይደል?»

ሌላውን አባት አየሁት። ተጠይቀህ ከሆነ ምን ይደረጋል በሚል ዓይነት ትከሻውን ነቀነቀ። ወረድኩ። «ገመዱን ልቀቁት፣ ሁላችሁም ከፊቱ ዞር በሉ፣ ያኛው አህያ መጀመሪያ ይሻገር» አልኩ። ከኋላ ሆኜ ታፋውን ቸብ አደረግኩና «ቼ!» አልኩት። እንደ ጠበቃ ረጋ ብሎ ተሻገረ። ሠላሳ ዓመት ያልወጣኝ ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ስምንት የቨርጂኒያ ልጅ ኒው ሜክሲኮ ተራራ ላይ «ቼ! ቼ!» እያለ ሲጮህ ሰምታችሁ ቢሆን። ልጄም ማታ ድንኳን ውስጥ ስንተኛ «ስንት አህያ ነበራችሁ?» አለኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ስለ አገር ቤት አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም እየሰበክኩ እንጂ እየተጠየቅኩ አውርቼ አላውቅም ነበር። ስለ አባቴ ጥቁር አህያ፣ ገበያ ስንሄድ ጅብ ስላባረረን ማታ፣ ስለ ብዙ ነገር አወራሁለት። እንቅልፍ የወሰደኝ እኔን ነው።

ባልዲ የሚባለው ተራራ የጉዞው ጣሪያ ነው፣ 3,792 ሜትር። ከሰዓት በኋላ በየቀኑ ማለት ይቻላል መብረቅ ስላለ ከቀትር በፊት ጫፉን ለቆ መውረድ ግድ ነው፤ ስለዚህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስተን ግንባራችን ላይ ባትሪ አስረን ወጣን። እኔ ከቀናት በፊት ጀምሮ ስፎክር ነበር። «ተራራ አገሬ ነው፣ ሳንባዬ የመንዝ ነው» እያልኩ። ዛፉ አልቆ ድንጋዩ ሲጀምር ሳንባዬ የቨርጂኒያ መሆኑን ነገረኝ። አንድ እርምጃ ወደፊት ስል ጠጠሩ ግማሽ ወደኋላ ይመልሰኛል። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ልጆቹ ርቀው ሄዱ። ቀና ስል አንድ መብራት ተመልሶ ወደኔ ይወርዳል። ልጄ ነው። ምንም ሳይናገር ቦርሳዬን ከትከሻዬ አውልቆ ደረቱ ላይ አንጠለጠለው። «አባዬ፣ ቀስ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እረፍ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እረፍ።» እየቆጠረ አወጣኝ። እሱም የቆጠረው በአማርኛ ነው።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ነፋሱ አይጣል ነው። አንዱ ልጅ ከፍታውን ጮክ ብሎ ሲያነብ እኔ በሜትር ቀየርኩትና ሳቅ መጣብኝ። የኛ ጓሳ፣ ያ የመንዝ የጋራ ጥብቅ መሬት፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። እነሱ ከመላው አሜሪካ መጥተው የሚወጡት ጫፍ፣ እኛ ከብት ስንጠብቅ ከኖርንበት የሚበልጠው በመቶ ሜትር ቢሆን ነው። ራስ ዳሸን ከ4,500 በላይ ነው፣ እሱን ተውት። ይህን ስነግራቸው መሪው ልጅ «እና አንተ ከዚህ ነው የመጣኸው?» አለኝ፤ ልጄ ቀደመኝና «አዎ፣ ቤተሰቦቼ እዚህ ከፍታ ላይ ነው የሚኖሩት» አለ። «ቤተሰቦቼ» ነው ያለው። ስለ ጭላዳው፣ ስለ ቀይ ቀበሮው፣ ስለ ጓሳ ሳሩ ጠየቁኝ። ሽማግሌዎች መሬቱን ለዓመታት ዘግተው ሲያስጠብቁ፣ ሳር የቆረጠም ከብት ያስገባም ሲቀጣ፣ ከዓመታት በኋላ ተከፍቶ ሁሉም ለቤት ክዳን የሚሆነውን ሲያጭድ እንደኖረ ነገርኳቸው። ልጆቹ ዱካ ሳትተው ሂድ እየተባሉ አሥር ቀን ስለተሰበከላቸው ነገሩ ገባቸው። በዚህ መሀል ከምዕራብ ደመና ተነሳና መሪው «እንውረድ» አለ። ወረድን። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ መብረቁ ጀመረ፤ ተራርቀን ቁጢጥ ብለን ጠበቅነው። ጎኔ ያለው ልጅ አቡነ ዘበሰማያትን በእንግሊዝኛ ይደግማል፣ እኔ በግዕዝ።

የቀረው ቀን ቶሎ አለፈ። በመጨረሻው ጠዋት ቱዝ ኦፍ ታይም የሚባለውን አለት ወጣን። እንደ ጥርስ የቆመ፣ 2,744 ሜትር ከፍታ ያለው ነገር ነው፤ ድሮ ወደ ሳንታ ፌ የሚጓዙ ነጋዴዎች እሱን ሲያዩ መንገዳቸው ሊያልቅ መቃረቡን ያውቁ ነበር ይባላል። ከላይ ሆኖ ዋናው ካምፕ ይታያል። እኔ ያየሁት ሻወሩን ነው። ስድስት ኪሎ ቀንሼ ተመለስኩ፤ ከአራቱ በላይ ተመልሷል።

በዓመቱ በ2018 ግንቦት መጨረሻ እዚያ ሰደድ እሳት ተነስቶ ብዙ ሺህ ኤከር የፊልሞንት መሬት በላ፤ ያን ክረምት ተራራው ላይ አንድም ቡድን አልገባም። ልጄ ዜናውን ሲያይ አንድ ቃል ሳይናገር ክፍሉ ገባ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ይዟል። ስልክ ሲደውልልኝ አንዳንድ ጊዜ አንድ ነገር አበላሽቻለሁ ብሎ ይጀምራል። እኔም አፌን ለመዝጋት እሞክራለሁ፣ ሁልጊዜ ባይሳካልኝም።

ለእኒያ እናት፦ እኅቴ፣ ልጅዎ አሥራ አራት ዓመቱ ከሆነ ዕድሜው ይፈቅዳል። ከመወሰንዎ በፊት አብረው የሚሄዱትን ሁለት አዋቂዎች ቤትዎ ጠርተው ቡና ያጠጧቸው፣ የሚጠይቁትንም ሳያፍሩ ይጠይቁ። ጫማውን ከሁለት ወር በፊት ይግዙለትና እቤት እያደረገው ይለማመድበት፤ የተላጠ ተረከዝ ከድብ የከፋ ነው። ድርቆሽ ይያዝ፣ በርበሬውን ግን በጠርሙስ አድርገው ይክደኑለት። አባቱ መሄድ ከቻለ ይሂድ፣ ግን አስቀድመው ይንገሩት፤ ልጁ ሲሳሳት ጫማውን ይሰር።

ቦርሳ መግዛት አያስፈልግም። የልጄ ቦርሳ ጋራዣችን ውስጥ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል፣ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ቢያስታውቁኝ እስከ ቤትዎ አመጣዋለሁ። ደህና ቦርሳ ነው። የግራ ማንገቻው ላይ ብቻ አህያ ያላመጠው አለ፣ በመርፌ ሰፍቼዋለሁ።

አክባሪዎ፣
አንድ የመንዝ ሰው፣ ከሰሜን ቨርጂኒያ